አባዬን ከኮሮና የምንጠብቅበት መላ

ማስክ አድርጌ ባጃጅ ስገባ «ኮሮና አሁንም አለ እንዴ?» ይሉኛል። አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ያነሳው የአስቸኳይ ጊዜውን እንጂ በሽታውን አይደለም። አባዬ 74 ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት፤ ኩላሊቱም ደክሟል። ለእኔ ጉንፋን ሆኖ የሚያልፈው እሱን አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ቫይረሱን እንደ እጣን ጭስ አስቡት። ሰው ሲያወራ፣ ሲተነፍስ ይወጣል፤ ቤቱ ከተዘጋ ተንሳፍፎ ይቆያል። እናም የቤታችንን አየር በእጣን ፈተንኩት። ቡና ሲፈላ ሁሉንም ዘጋሁ፤ ጭሱ ኮርኒሱ ሥር ተኛ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ፊት ለፊቱ ያለውን በር ስጨምር ግን ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ካለ ሁለቱም ክፍት ናቸው። የጅማ ዝናብ ሲበረታ አባዬ ቡሉኮውን ይደርባል። ካልዘነበ ቡናው በረንዳ ላይ ነው። (እጣኑ ራሱ ቫይረስ አይገድልም፤ ጎረቤታችን ግን ይገድላል ባይ ናቸው።)

ማስክ ከሆነ ከጨርቁ ይልቅ ኤን95 ወይም ኬኤን95 የሚባሉትን፣ ፊት ላይ ግጥም ብለው አየሩን የሚያጣሩትን ፈልጉ። የአፍንጫውን ሽቦ በጣት ተጭናችሁ አስተካክሉ። መነጽራችሁን እንፋሎት ከሸፈነው ከላይ አየር ያሾልካል ማለት ነው። አይታጠብም፤ እኔ ሁለት ሦስቱን በየቀኑ እያፈራረቅኩ አናፍሳቸዋለሁ። የአባዬ ችግር ጢሙ ነው። በጢም ላይ ማስክ አይገጥምም፤ ተላጭ ማለት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እሱም ያደርጋል፤ አብረነው የምንሄደው ግን ይበልጥ እንጠነቀቃለን።

ለሐኪም ቀጠሮ ባጃጅ ኮንትራት እይዛለሁ፤ «ወንድሜ፣ ሸራውን ግለጥልን» እላለሁ። እዚያ ስንደርስ እሱ ውጭ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ እኔ ወረፋ እይዝና ተራው ሲቃረብ እደውልለታለሁ። አንዴ ስልኩ ድምፅ አልባ ሆኖ ተራችን አለፈ፤ እንደገና ከኋላ ተሰለፍን። ለቅሶ ላይ የድንኳኑ ጠርዝ የእኛ ቦታ ነው። ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረው ደግሞ አናድርም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነን።

ከሁሉም የከበደኝ ዘመድ ነው። «ጉንፋን ካለባችሁ ሲሻላችሁ ኑ» ስላልኩ አክስቴ ተቀይማ ሁለት ሳምንት ቀረች። በኋላ እያሳላት መጣች፤ ግን አልገባችም። በመስኮቱ በኩል ቆማ ከአባዬ ጋር ስታወጋ አመሸች። ስኒውን በዚያው በመስኮቱ አቀበልኳት፤ ሦስተኛውንም ጠጥታ ሄደች።