ጄሶ ከተፈታ በኋላ፦ የቀጠነ ባትና መሬት አልነካ ያለ ተረከዝ

ለሳምንታት በጄሶ የቆየ እግር ሲፈታ ቆዳው ቅርፊት ለብሶ፣ ባቱ ከስቶ ስለሚታይ ባለቤቱም አስታማሚውም መደንገጣቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ግን ሁለት ችግሮች አሉ፤ አንዱ መቅጠን፣ ሌላው ማጠር ነው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ሲጨነቅ ሁለተኛውን ይዘነጋል።

ጭኑ ከሳ። ከጉልበት ሎሚ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሁለቱን ጭኖች በልብስ ሰፊ ሜትር ቢለኩ ልዩነቱ ይታወቃል። ምክንያቱ ሥራ መፍታት ነው፤ የጡንቻው ክሮች አልሞቱም፣ ቀጥነዋል እንጂ፤ ስለዚህ ይመለሳሉ። እግርን ዘርግቶ፣ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ፣ ፎጣውን በጉልበት ጀርባ ወደ ታች ለ5 ሰከንድ መጫንና ይህንኑ 10 ጊዜ መደጋገም ጥሩ መነሻ ነው። ምስር፣ ሽሮና እንቁላል ያግዛሉ። የቅልጥም መረቅም አይከለከልም፤ ያልሠራ ጡንቻ ግን በመረቅ ብቻ አይወፍርም።

ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። ታማሚው «እግሬ አጠረ» ይላል፤ አጥንቱ በትክክል ከገጠመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያጠረው የባቱ ጡንቻ ነው። ጣቶቹ ወደ ታች እንደተቀሰሩ የታሰረ እግር ባቱ ተኮማትሮ ስለሚከርም፣ ጡንቻው ከርዝመቱ ላይ ይቀንሳል፣ በዙሪያው ያለው ሕብረ ሕዋስም ይደርቃል። የቱ እንዳጠረ ለመለየት ጉልበትን አንዴ አጥፎ፣ አንዴ ዘርግቶ የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ መሳብ ይበቃል፦ ጉልበቱ ሲታጠፍ ቁርጭምጭሚቱ ከላላ የያዘው ከጉልበት በላይ የሚነሳው የላይኛው የባት ጡንቻ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ እኩል ከገተረ ግን የውስጠኛው ጡንቻ፣ የተረከዝ ጅማቱ ወይም መገጣጠሚያው ራሱ ነው። ነጠላን በእግር መዳፍ ላይ አዙሮ ወደ ራስ መሳብ፣ ውጥረቱ ሲሰማ (ስል ሕመም ሳይሆን) 30 ሰከንድ ያህል መያዝ፣ ይህንንም በቀን ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል። ለላይኛው ጡንቻ ጉልበት ተዘርግቶ፣ ለውስጠኛው ጥቂት ታጥፎ ይሠራል። በኃይል ነቅነቅ ማድረግ ግን ጉዳት እንጂ ርዝመት አይጨምርም። ለሳምንታት ተሠርቶበት ምንም ካልላላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ በደረጃ በሚቀየር ጄሶ ወይም ጅማቱን በቀዶ ሕክምና በማስረዘም የሚስተካከልም አለ።

ባቱ በመክሳት ፈንታ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታሽ፣ ወጌሻም ሳይነካው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ለነገ አይባልም።