ስለ «ደስታ ሆርሞኖች» ሲታሰብ የሚፈጸሙ ስህተቶች

«የደስታ ሆርሞኖች» የሚባሉት የአንጎል ኬሚካሎች ሴሮቶኒንና ዶፓሚን ዛሬ የየሰፈሩ ወሬ ሆነዋል። ችግሩ ብዙ ሰው ሲጎድሉ እንደ ጀሪካን የሚሞሉ አድርጎ ማሰቡ ነው። ሥራቸው ግን መልእክት ማድረስ ነው፤ ውጤታቸውን የሚወስነው የት እንዳሉና በምን ሰዓት እንደወጡ ጭምር ነው።

ሙዝ በልቶ ሴሮቶኒን እጨምራለሁ ማለት። ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን አለ፤ ነገር ግን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ሲሆን ዋና ሥራውም እዚያው አንጀትን ማንቀሳቀስ ነው። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን ትሪፕቶፋን ከሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራል። ሙዙ ጥሩ ምግብ ነው፤ ይበሉት፣ ግን መድኃኒት አያድርጉት።

ድብርትን «ሴሮቶኒን አንሶኝ ነው» ብሎ መዝጋት። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ የቀደሙ ጥናቶችን ገምግመው ይህን አባባል የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ይህ ማለት ግን የድብርት መድኃኒት ማንንም አይረዳም ማለት አይደለም። ድብርትን ለማወቅ ሲባል ገንዘብ ከፍሎ የደም ሴሮቶኒን መመርመርም ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ውጤቱ አንጎል ውስጥ ያለውን አያሳይም።

የድብርት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ መጀመር፣ ማቆምና ከሌላ መድኃኒት ጋር መቀላቀል። ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። የድብርት መድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲንም ሆነ ሰርትራሊን ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩት በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ስሜት የሚሻሻለው ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና መቁነጥነጥ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ይተወዋል። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ታካሚን በእነዚህ ሳምንታት ቤተሰብ በቅርብ ሊከታተለው ይገባል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊብስ ይችላልና።

ሲሻልም በአንድ ቀን አይቆምም። ከተሻለ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል፤ ከዚያም ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ሰርትራሊንን በድንገት ያቋረጠ ሰው ሊያዞረው፣ ሊበሳጭና ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረው ያህል ሊሰማው ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው በሳምንታት ስለሆነ ይህ ስሜት በእሱ ላይ ይቀላል።

መቀላቀሉ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ትራማዶል፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም ሴሮቶኒንን ይጨምራሉ። ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ትኩሳት ቢታይ ነገን ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ፋርማሲ ሲገቡ የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ።

ቡና ጉልበት ይሰጣል ብሎ ማታም መጠጣት። ካፌይን ድካምን የሚያበስረውን አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል አንጎል ውስጥ ከሚያርፍበት ቦታ ያግደዋል እንጂ ድካሙን አያጠፋውም። ግማሹ ከደም እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ከዚህ በብዙ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና፣ ግማሽ ካፌይኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ደም ውስጥ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድሞ ቢወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በማግስቱ ያለ ምክንያት የሚመጣው ጭንቀትና ብስጭት የዚሁ ዕዳ ሊሆን ይችላል። በረካው ከአቦሉ ቢቀጥንም ካፌይን አያጣም። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቢያደርገው ይሻላል።

የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲሶልን እንደ ጠላት ማየት። ከነቃን በኋላ ባሉት 30 እና 45 ደቂቃዎች መካከል ከፍ የሚለው ቀኑን እንድንጀምር ነው። ወደ ማታ ይወርዳል፤ ስለዚህ በዘፈቀደ ሰዓት በተቀዳ ደም «ጭንቀትህ ይህን ያህል ነው» ማለት አይቻልም። የሚያስፈራው ለመወፈር ተብሎ ያለ ትእዛዝ የሚዋጠው፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትን ያናውጣል፣ ሰውነትም የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ያቆማል። ለሳምንታት የወሰደው ሰው በድንገት ካቆመ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

ዶፓሚንን የደስታ ኬሚካል ማለት። የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትስ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች የዶፓሚን ነርቮች አብዝተው የሚነሱት ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ ነው። ሽልማቱ ከተለመደ በኋላ የሚነሱት ሽልማቱ ሊመጣ መሆኑን የሚጠቁመው ምልክት ሲታይ ነው። ስልክ የሚያስመኘን ይኸው ነው፤ ለአንድ ቀን መዝጋቱ ልማድን ቢሰብርም ዶፓሚንን «አያጸዳም»።

ሌላውን ሳይመረምሩ ሁሉንም በስሜት ላይ ማሳበብ። ድካምና ድብርት ከብርድ አለመቻል፣ ከሆድ ድርቀትና ከክብደት መጨመር ጋር ከመጡ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝ። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢንም አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይጨምር። የታይሮይድ ሆርሞኑ አንሶ እሱን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ከታዘዘ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውከው 1 ሰዓት ያህል ይቆይ።