ቡድሂዝምን ለብቻችሁ ለምታጠኑ

ቡድሂዝምና ሜዲቴሽንን ከዩቲዩብ ብቻ የምትከታተሉ ካላችሁ፣ ሦስትም አራትም ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን ተገናኙ። ለብቻ ሲሆን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። አጠገባችሁ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከተቀመጠ ግን መነሳቱ ያሳፍራል፤ ይሉኝታ ለአንዴም ቢሆን ይጠቅማል!

ቦታው ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ቢሆን ታክሲ አይቸግርም። ካፌ ይቅርባችሁ፣ የአንዳችሁ ሳሎን ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አድርጉት፤ ከሥራ በኋላ ካላችሁ ግማሹ ሰው ሰልፍ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ 20 ደቂቃ ትንፋሽ ላይ ተቀመጡ። አየሩ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ ማስተዋል ነው፣ ሐሳብ ይዟችሁ ሲሄድ ሳትናደዱ መመለስ። የረዳት ጩኸትና ጥሩንባ ከውጭ ቢሰማም መስኮት ልዝጋ ብላችሁ አትነሱ፣ ድምፅ መሆኑን ልብ በሉና ተመለሱ።

ከዚያ ንባብ። አራቱን የከበሩ እውነቶች፣ ማለትም ቡድሃ ስለ ስቃይ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ማብቂያውና ወደዚያ ስለሚያደርሰው መንገድ ያስተማራቸውን፣ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትጣደፉ። ለምሳሌ ሁለተኛውን፣ የስቃይ ምንጭ ጥማት ነው የሚለውን ብቻ ውሰዱና እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ያን ጥማት በራሱ ላይ የት እንዳየው ይናገር፦ የደመወዝ ጉዳይ ይሁን፣ ላይክ መቁጠር ይሁን፣ ከወንድም ጋር መፎካከር ይሁን። መጽሐፍ ብቻውን ይህን አያወጣላችሁም። ጓደኛችሁ «እኔም» ሲል ነው የሚገባችሁ።

ቡናው መጨረሻ ላይ ይፈላ። በስምንቱ መንገድ፣ ማለትም ቡድሃ ከስቃይ ለመውጣት ባስተማራቸው ስምንት የአኗኗር መመሪያዎች ውስጥ፣ ትክክለኛ ንግግር የሚባለው ሐሜትን ስለሚከለክል፣ ያልመጣውን ሰው ሳታነሱ መጠጣት የቤት ሥራችሁ ይሁን፤ ከሜዲቴሽኑ ሳይከብድ አይቀርም።