ጅማ ላይ ለማርኬቲንግ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትገቡ

«ማርኬቲንግ» ተብሎ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ሱቅ ለሱቅ የሚያዞር የሽያጭ ሥራ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሂርማታ ገበያ ውጡና የድርጅቱን ዕቃ ዋጋ፣ ተፎካካሪውንና ባለሱቁ የሚያማርርበትን ነገር አጣሩ። ጠያቂው «እስቲ ይህን ሽጥልኝ» ሲል ብዙዎች የሚወድቁት ዕቃውን ማሞገስ ስለሚጀምሩ ነው። መጀመሪያ ጠይቁ፦ «አሁን የማንን ነው የሚይዙት? በሳምንት ስንት ካርቶን ይወጣል?» ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው። በአፋን ኦሮሞም ተለማመዱት፤ መሀል ላይ ወደ አማርኛ መዞር ያስነቃል።

ደመወዝ ላይ አትፈሩ። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በተሸጠው ነው ወይስ በተሰበሰበው ገንዘብ? በዱቤ የሄደው ሳይከፈል ቢቀርስ? የባጃጁንስ ማን ይችላል? የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። ለሥልጠና ወይም ለናሙና ብር አምጡ ካሏችሁ ሲቪያችሁን ይዛችሁ ውጡ።