ሙሉ ጥርስ ከማሠራትዎ በፊት፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለገቡ አዲስ ነዋሪዎች

የመጀመሪያው የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በወረቀት ነው። የላይኛውንም የታችኛውንም ረድፍ የሚያድስ የሕክምና ዕቅድ ታትሞ ይሰጥዎታል፤ ድምሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። እዚያው ተቀምጠው አይፈርሙ። የዕቅዱንና የራጁን ቅጂ የመውሰድ መብት አለዎት፤ ይዘው ሌላ ሐኪም ያማክሩ። ይህ እንደ ድፍረት የሚቆጠርባቸው ወገኖች አሉ፤ እዚህ አገር ግን የተለመደ ነው። ቅጂ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመዎት ደግሞ ሌላ መፈለግ ነው።

ሙሉ እድሳት አንድ ሕክምና አይደለም። ድድ ማከም፣ የማይድነውን መንቀል፣ የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ክራውን (ጥርስን የሚሸፍን ቆብ)፣ ብሪጅ (በጎንና ጎን ጥርሶች ተደግፎ የጎደለውን የሚተካ)፣ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ወይም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደየሰው አፍ ተቀናጅተው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ። ድድዎ አብጦና እየደማ ክራውን የሚያስቀድም ዕቅድ ያጠራጥራል። ኢምፕላንት ከመንጋጋ አጥንት ጋር እስኪዋሐድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ «በአንድ ቀን ሙሉ ጥርስ» በሚል ማስታወቂያ የሚገጠመውም ባብዛኛው ጊዜያዊው ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ስኳር ያለብዎት፣ ደም የሚያቀጥን ወይም ለአጥንት መሳሳት የታዘዘ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ይናገሩ።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ። ከወንጂና ከመተሐራ እስከ ዝዋይ ባለው የስምጥ ሸለቆ ያደጉ ከሆነ ጥርስዎ ቡናማ የሆነው በመበስበስ ላይሆን ይችላል። የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ቋሚ ጥርስ በልጅነት ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ቀለሙ ይበላሻል። እዚህ ያለው ሐኪም እንዲህ ያለ ጥርስ ብዙም ላያይ ይችላልና የት እንዳደጉና ምን ውኃ እንደጠጡ ይንገሩት። ብዙውን ጊዜ የላይኛውን ሽፋን በስሱ በመፋቅ ወይም በቀጭን ልባጥ መልኩን ማሻሻል ይቻላል። ለክራውን ግን ጤናማው ጥርስ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ የተሞረደው ተመልሶ አይበቅልም። ለመልክ ብቻ ሃያ ጥርስ ማስሞረድ ለእኔ ጥፋት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የጥርስ ኢንሹራንስ እንደ ሌላው የጤና ኢንሹራንስ አይደለም። ብዙዎቹ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ከፍለው ያቆማሉ፤ ለትልልቅ ሥራ ደግሞ ወራት ያስጠብቃሉ። ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት የወለቀን ጥርስ መተካት አንከፍልም የሚሉም አሉ፤ ይህ አዲስ መጪን በቀጥታ ይመለከታል። ክሊኒኩ ዕቅዱን ለኢንሹራንሱ ልኮ የሚከፈለውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁ። የማያጣድፈውን ሥራ ከፊሉን በዲሴምበር ከፊሉን በጃንዋሪ ማሠራት፣ ዓመታዊው ገደብ በፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚታደስ ከሆነ፣ የዓመቱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ያስገኛል።

ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ካለዎት ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአዋቂዎችም የጥርስ ሕክምና ይሸፍናሉ፤ ኢምፕላንትን ግን አይጠብቁ። በዲቪ የገቡ አዋቂዎች ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት መቆየት አለባቸው። ለእነርሱ የምመክረው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን ነው፦ ዲሲ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን፣ ባልቲሞር በ1840 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት። ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ይሠራሉ፤ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ክሊኒኩ ለሕክምና የሚሆን ክሬዲት ካርድ «ያለ ወለድ» ብሎ ሲያቀርብልዎ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ በተባለው ጊዜ ካልጨረሱ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታሰብባቸው አሉ።

የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ «አማርኛ» ብለው ቀጠሮ ሲይዙ ያስመዝግቡ። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናን ለማስረዳት ገና ነው።

አዲስ አበባ ሄዶ ማሠራት ይረክሳል የሚሉ አልተሳሳቱም። ሆኖም በሦስት ሳምንት ፈቃድ ኢምፕላንት አይጠናቀቅም፤ ካስጀመሩም የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና መጠኑን በጽሑፍ ተቀብለው ይምጡ። ያ ወረቀት ከሌለ እዚህ ያለው ሐኪም የሚገጥመውን ዕቃ ለማግኘት ይቸገራል።