የድሮ ጀልባ ሞተር ብሎን ግግም እንዳይል

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ጣና ዳር ላይ አንድ ዕድሜ የጠገበ 15 የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ፈታሁ። የውሃ ፓምፑን ጎማ ለመቀየር ነበር። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። አራት ብሎን፤ ሦስቱ ወጡ። አራተኛውን በመፍቻ ስጫነው መጀመሪያ የዞረ መሰለኝ፣ እጄ ላይ ለስለስ አለ፣ ከዚያ ቀጭ! ጭንቅላቱ መፍቻው ውስጥ ቀረ፣ ግንዱ ሞተሩ ውስጥ።

ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ቀን ሆነ። ግንዱን በትራፓኖ በስተን ስናወጣው በጥርሶቹ መሃል ነጭ ዱቄት ታጭቆ አገኘን፣ እንደ ኖራ የደረቀ። ብሎኑ ራሱ ብዙም አልዛገም ነበር። ጥፋቱ ያ ዱቄት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ደግሞ ብረት። ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ ተበዪው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። ሲበላ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብሎኑን ዙሪያውን ጨምቆ ይይዘዋል። ስቴንለስ ብሎን ቢሆንስ? እሱ አይዝግም፣ አሉሚኒየሙን ግን ያስበላል። ጣና እንደ ባሕር ጨው የለውም፣ ስለዚህ ነገሩ ቀስ ይላል። ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሞተር ቀስ ለሚል ነገርም በቂ ጊዜ ነበረው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ስታስሩ ነው። ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ቀዳዳውንም አትርሱ፣ እሱን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ነጩን ዱቄት ጠርጋችሁ፣ በቤንዚን አጥባችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ውሃ የማያጥበው የጀልባ ግራሶ ጥርሱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላው የሚያርፍበትንም ቀቡት፣ ውሃ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ብሎን እንዳይጣበቅ ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ የመዳብ ቀለም ያለውን ግን ውሃ ውስጥ ለሚገባ አሉሚኒየም አልመክርም፤ መዳብ ራሱ አሉሚኒየምን ያስበላል። ቀዳዳው መውጫ የሌለው ከሆነ ግራሶ አታጭቁበት፣ ብሎኑ ሲገባ ግራሶው መሄጃ አጥቶ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስትጀምሩ በጣት። ሁለት ሦስት ዙር በጣት ካልገባ ጥርሱ ተሳስቷልና መልሳችሁ አውጡ። ሌላው ደግሞ፣ ግራሶ የተቀባ ብሎን ይንሸራተታል፣ በለመዳችሁት ጉልበት ካጠበቃችሁት ከልክ በላይ ስቦ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይመጣል። የማጥበቂያ ልኩ ለደረቅ ብሎን የተጻፈ ከሆነ ሩብ ያህል ቀንሱለት። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎን ላይ ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ፣ የሞተሩ መመሪያ ያለውን ብቻ።

ከሞተሩ እግር ላይ አንዲት ግራጫ የብረት ቁራጭ ታስራ ታያላችሁ። ራሷን አስበልታ ሞተሩን የምታተርፍ እሷ ናት። ቀለም አትቀቧት፣ ከተቀባች ሥራዋን አትሠራም። ግማሽ ያህሏ ሲያልቅ ቀይሯት። ለጨው ውሃ የሚሆነው ዚንክ ነው፣ እንደ ጣና ላለ ውሃ ግን ማግኒዚየም ይሻላል። እሷ አልቃ ሞተር የሚያሠራ ሰው ሳይ ያመኛል፣ ሞተሩን የሚያህል ነገር ለአንዲት ቁራጭ ብሎ መስጠት ነው።

አሁን ግግም ያለ ብሎን ከፊታችሁ ካለስ? አትታገሉት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩበትና አሳድሩት፣ ጠዋት ደግሙት። ካቻቪቴ ወይም መፍቻ ከመያዛችሁ በፊት ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ቡሶላችሁ (ጭንቅላቱን ውጦ የሚይዘው መፍቻ) ስድስት ጎን ይሁን፣ አሥራ ሁለት ጎን ያለው ቡሶላ የብሎኑን ጭንቅላት ይላጫል። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ሞክሩት፣ ንቅንቅ ሲል ወደ መፍቻው። ሩብ ዙር ሲመጣ መልሱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና። ለስለስ ካለባችሁ ወዲያው ቁሙ፣ እየተጠመዘዘ ነው ማለት ነው።

ካልሆነ እሳት አለ። የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ነው፣ ከብረት ይልቅ በሙቀት ስለሚሰፋ ብሎኑን ይለቀዋል። ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ይፈሳል። ጠብታ ውሃ ስትጥሉበት ቸስ ብሎ ከዘለለ ይበቃዋል። የቤንዚን ታንኩን ቀድማችሁ አርቁ፣ የረጫችሁትንም ዘይት ጥረጉት፣ ይቀጣጠላል።

ይህን ሁሉ በክረምት ጨርሱት። ሐምሌና ነሐሴ ወደ ዘጌ የሚሻገረው እንግዳ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ዳር ላይ ይቆማል። የፓምፑን ጎማ ባትቀይሩትም የታችኛውን እግር በየዓመቱ ፍቱት፣ ብሎኖቹን ጠርጋችሁ፣ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። እኔ ከሽፋኑ ውስጥ የፈታሁበትን ወርና ዓመት በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ። ያ የተሰበረበት ሞተር ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር፣ አሁን ነሐሴ ተብሎ ተጽፎበታል።