ከተማን ከካርቦን ነጻ ለማድረግ ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በ2012 አንድ ዕቅድ አጸደቀች። በ2025 ከካርቦን ልቀት ነጻ የሆነች፣ ማለትም ወደ አየር የምትለቀውንና የምታስቀረውን ካርቦን ያመጣጠነች የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ ልትሆን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኦገስት 2022 ላይ ግን ከንቲባዋ ወጥተው በተባለው ጊዜ እንደማይደርሱ ተናገሩ።

ስንፍና አይደለም። የብስክሌት መንገዷ በዓለም የታወቀ ነው። ቤቶቿ ማለት ይቻላል ሁሉም የሚሞቁት በጋራ የሙቅ ውሃ መስመር ነው። ልቀቷንም ከ2005 ጋር ሲነጻጸር በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሳለች። እንዲህ የሠራች ከተማ ከተሰናከለች፣ ገና የሚጀምሩት የት የት ላይ ሊወድቁ እንደሚችሉ ማየት አይከፋም። አዲስ አበባም የራሷን የአየር ንብረት ዕቅድ አውጥታለች።

በእጅ በሌለ ነገር ቃል መግባት

የእንግሊዟ ብሪስቶል ኖቬምበር 2018 ላይ ከብሪታንያ የአካባቢ ምክር ቤቶች (ከተማና ወረዳ የሚያስተዳድሩት) ሁሉ ቀድማ የአየር ንብረት አስቸኳይ ጊዜ አወጀች። ቀኑንም ቆረጠች፤ 2030። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምክር ቤቶች ተከታተሉ። የብሪታንያን መንግሥት የሚያማክረው የአየር ንብረት ለውጥ ኮሚቴ በ2020 እንዳለው ግን፣ ምክር ቤቶች በቀጥታ የሚያዙበት ልቀት በአካባቢያቸው ካለው ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። የራሳቸው ቢሮ፣ የራሳቸው መኪና፣ እነዚህን የመሳሰሉ። ተጽዕኖ ማድረግ የሚችሉበት ሁሉ ሲጨመር ሲሶ ያህል ይሆናል። የቀረው በነዋሪው፣ በድርጅቶችና በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ነው።

ስለዚህ «ምክር ቤቱ ነጻ ይወጣል» እና «ከተማው ነጻ ይወጣል» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። መግለጫ ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ ከሰሙ፣ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ ይደባለቃል።

ያልተሠራውን ማሽን ከወዲሁ መቁጠር

ኮፐንሃገንን የጣላት ይሄ ነው። ከተማዋ ከጎረቤት ማዘጋጃ ቤቶች ጋር በጋራ የያዘችው አርክ የሚባል ቆሻሻ አቃጥሎ ሙቀትና ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ድርጅት አለ። ዕቅዱ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ካርቦን ይዞ ከመሬት በታች መቅበር ነበር። ቀሪውን ልቀት በአብዛኛው የሚሸፍነው እሱ ነው ተብሎ ተሰላ። ድርጅቱ ግን የመንግሥትን ድጎማ ለማግኘት የሚጠየቀውን የገንዘብ አቅም አላሟላም። ድጎማው ቀረ፤ ማሽኑም ቀረ፤ 2025ም አብሮ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ።

የኖርዌይ ዋና ከተማ የኦስሎም ታሪክ ይመሳሰላል። ክሌመትስሩድ ያለው የቆሻሻ ማቃጠያ ከከተማዋ ትልልቅ የልቀት ምንጮች አንዱ ነው። እዚያም ካርቦን የመያዙ ሥራ ተጀምሮ ወጪው ከተገመተው በላይ ስለናረ በ2023 ቆመ። ሥራው እንደገና እንዲቀጥል የተወሰነው በ2025 ነው። ቴክኖሎጂው አይረባም አላልኩም። ሳይገነባ የሒሳቡ ዋና ምሰሶ መሆን ግን የለበትም።

ከቆሻሻው የሚበልጥ ማቃጠያ መሥራት

የአርክ ሕንፃ ያምራል። ጣሪያው ላይ ሰው በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ቁልቁል ይወርዳል። ችግሩ መጠኑ ነው። አካባቢው ከሚያመነጨው በላይ ማቃጠል እንዲችል ተደርጎ ስለተሠራ ከውጭ አገር ቆሻሻ ማስገባት ተጀመረ። ቆሻሻ ውስጥ ፕላስቲክ አለ፤ ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ነው፤ ሲቃጠል ካርቦን ይለቃል። ዕዳ ያለበት ማቃጠያ ደግሞ ምንጊዜም የሚበላው ይፈልጋል። ነዋሪው ቆሻሻ ቢቀንስ የሚከፋው ድርጅት ተፈጠረ ማለት ነው።

እኛም አዲስ አበባ ረጲ ላይ ማቃጠያ አለን። በማርች 2017 ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2018 እዚያው አጠገብ የኃይል ማመንጫው ተመረቀ። የኛ ቆሻሻ ግን የዴንማርክ አይደለም። ካርቶንና ፕላስቲክ ከመሆን ይልቅ አብዛኛው የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ነው። ውሃ ያዘለ ነገር እሳት ላይ ሲጣል መጀመሪያ ውሃውን ማድረቅ አለ፤ ኃይሉ እዚያ ያልቃል። ክምር ውስጥ ታፍኖ ሲበሰብስ ደግሞ ሚቴን ይለቃል፤ ይህም በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል ያሞቃል። እርጥቡን ከደረቁ በየቤቱ ለይቶ ኮምፖስት ማድረግ ያንሳል ተብሎ ይናቃል። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሌለው ይመስለኛል።

ከድንበር ውጭ የሚቆረጠውን ዛፍ አለመቁጠር

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኮፐንሃገን የድንጋይ ከሰል የሚያነድደውን የአማገር ማመንጫ ወደ እንጨት ፍቅፋቂ ቀየረችው። ከዚያ የሚወጣው ጭስ በከተማው የልቀት መዝገብ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የእንጨት ካርቦን የሚመዘገበው ዛፉ በተቆረጠበት ቦታ እንጂ በተቃጠለበት አይደለም። በወረቀት ትክክል ነው። ዛፉ ግን ተመልሶ እስኪያድግ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ አየሩ እስከዚያ አይጠብቅም።

የአዲስ አበባን ከሰል አስቡት። ማዳበሪያው ከጭነት መኪና ወርዶ በየሰፈሩ በትንሽ በትንሹ ይቸረቸራል። የተቆረጠው ዛፍ ሌላ ወረዳ፣ ሌላ ክልል ነው ያለው። የከተማው ዕቅድ መዝገቡን በከተማው ወሰን ብቻ ከዘጋ ያ ደን የማንም ሒሳብ አይሆንም።

ሁሉም ከሰል ግን አንድ አይደለም። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር እንደ ሰብል ይተክለዋል። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያደርገዋል፣ እዚያው ማሳ ላይ መልሶ ይተክላል። ከዚህ የመጣ ማዳበሪያ ከተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ከመጣው ጋር እኩል ሊጻፍ አይገባም። በሌላ በኩል ዲከረንሱን በቅርብ ዓመታት በሽታ ጎድቶታል። ዛሬ የተቆጠረው ማሳ ነገ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እንጨቱ ከየት መጣ፣ ቦታው ላይስ ምን በቀለ የሚለው ነው።

የችግኝም ነገር ይኸው ነው። የተተከለው አይቆጠር፤ የጸደቀው ይቆጠር።

የማያውቁት ንግድ ውስጥ መግባት

የእንግሊዟ ኖቲንግሃም ግቧ 2028 ነው፤ ቀን በመቅረብ ብዙዎቹን ትበልጣለች። ምክር ቤቷ በ2015 ሮቢን ሁድ ኢነርጂ የሚል የኃይል ሻጭ ድርጅት አቋቋመ። ርካሽ መብራትና ጋዝ ለነዋሪው ሊሸጥ። በ2020 ድርጅቱ ፈረሰ፤ ምክር ቤቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ከሰረ። በ2023 ደግሞ ምክር ቤቱ በጀቱን ማመጣጠን እንዳልቻለ በይፋ አሳወቀ። ብቸኛው ምክንያት ሮቢን ሁድ አይደለም፤ ሸክሙ ላይ ግን ተጨምሯል።

የሚገርመው ይኸው ምክር ቤት አጠገቡ ያለውን ነገር ሲይዝ ተሳክቶለታል። ከ2012 ጀምሮ ከ10 በላይ የሠራተኛ መኪና ማቆሚያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በየቦታው ልክ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላሉ። ገንዘቡ ለሕዝብ ትራንስፖርት ይውላል፤ የትራም መስመሩን ለማራዘምም ጠቅሟል። አሠሪዎች መጀመሪያ ጮኸው ነበር። ትራሙ ግን ይሄዳል።

ዕቅዱን ከበጀቱ መለየት

ኦስሎ ከ2016 ወዲህ የአየር ንብረት በጀት ታወጣለች። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ገንዘብ፣ ስንት ቶን ይቀንሳል የሚለው ከከተማዋ መደበኛ በጀት ጋር አብሮ ይጸድቃል። የሚመራውም የፋይናንስ ክፍሉ ነው። ብዙ ቦታ ግን ዕቅዱ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ነው የሚያድረው።

የሰው ዕቅድ መገልበጥና መለዋወጫን መርሳት

ኮፐንሃገን ብርድ አለባት፤ ዕቅዷ ቤት በማሞቅ ዙሪያ መሆኑ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ቤት ማሞቂያ የላትም። ኤሌክትሪኩም ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ለእሷ የከበደው መኪና፣ ቆሻሻና ምድጃ ነው።

መኪናን የመቀነስ ትልቁን ዕድል ደግሞ በ2015 አግኝታዋለች፤ ቀላል ባቡሩን። በውሃ ኃይል የሚሄድ ባቡር ስንት የአውሮፓ ከተማ በተመኘው። ከ41ዱ ባቡሮች ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ተሳፋሪው ወደ ሚኒባስ ሰልፍ ተመለሰ። በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ጥሩ ነው። ሐያት ላይ በሰልፍ ለቆመ ሰው ግን ትርጉም ያለው የቆመው ባቡር ሲነሳ ነው። ለዚያ አዲስ ዕቅድ አያስፈልግም፤ በየዓመቱ በጀት ውስጥ የመለዋወጫና የቴክኒሻን መስመር፣ ለመለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ ነው የሚያስፈልገው።